ክሽክሽና የዘር ድንች ንግድ

ድንች በንግድ ዓለም ስሙ አንድ ይሁን እንጂ ሁለት ልዩ ልዩ ሸቀጥ ነው። አንደኛው ለምግብ፣ ሁለተኛው ለዘር ይሸጣል። ለምግብ የሚሆነውን ድንች ገዥው በዐይኑ አይቶ፣ በእጁ ዳብሶ፣ የበሰበሰውንና የተቈረጠውን ለይቶ ገንዘቡን ይከፍላል፤ የገዛው ዕቃ ምን እንደ ሆነም በዚያው ቀን ያውቀዋል። የዘር ድንች ግን እንዲህ አይደለም። ሁለት ኬሻ ድንች ጐን ለጐን ቢቀመጡ ፍሬያቸው እኩል፣ ልጣጫቸው የጠራ፣ ክብደታቸው አንድ ዓይነት ሊሆን ይችላል፤ ይሁንና በአንደኛው የተዘራው ማሳ ሙሉ ምርት ሲሰጥ በሁለተኛው የተዘራው ግማሹን እንኳ ላይሰጥ ይችላል። ልዩነቱ የሚታወቀው ገንዘቡ ተከፍሎ፣ መሬቱ ታርሶ፣ ወራት ካለፉ በኋላ ነው።

ይህን ልዩነት የሚያመጣው በዐይን የማይታይ ቫይረስ ሲሆን፣ ቫይረሱን ከተክል ወደ ተክል የምታጓጉዘው ደግሞ ከሰሊጥ ፍሬ የማትበልጥ ክሽክሽ የተባለች ተባይ ናት። በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ የዘር ድንች ንግድ የተደራጀበት ሥርዐት፣ የመንግሥት ምርመራው፣ የምስክር ወረቀቱ፣ የዋጋው ደረጃና ሰብሉ የሚነሣበት ቀን ሳይቀር፣ አብዛኛው ከዚች ተባይ የተነሣ የመጣ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። የዘር ድንች የሚያስመጣ፣ የሚልክ ወይም በሱቁ የሚቸረችር ነጋዴ እንግዲህ የሚሸጠው ክሽክሽ ያልደረሰችበትን ድንች ነው፤ ዋጋውን ከፍ የሚያደርገውም ይኸው ነው። (ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።)

«ዘሩ አረጀ»

በ18ኛው መቶ ዓመት በእንግሊዝ አገር ድንች የሚያመርቱ ገበሬዎች አንድ ግራ የሚያጋባ ነገር ገጠማቸው። ከገዛ ማሳቸው ያስቀሩትን ድንች ሦስትና አራት ዓመት እየመላለሱ ሲዘሩት ቅጠሉ እየተኰማተረ፣ ቁመቱ እያጠረ፣ ፍሬውም እያነሰ ይሄድ ነበር። በተለይም ከ1770ዎቹ ወዲህ ጉዳዩ የገበሬውንም የሊቁንም መነጋገሪያ ሆነ። ብዙዎች የተስማሙበት አስተያየት፣ ድንች ከአበባው ዘር ሳይሆን ከራሱ ከፍሬው ስለሚበቅል ሁልጊዜ ያው አንዱ ተክል ነው፤ ስለዚህም እንደ ማንኛውም ሕይወት ያለው ፍጥረት ዕድሜው ሲገፋ ያረጃል የሚል ነበር። ይህ አሳብ ከመቶ ዓመት በላይ ጸንቶ ቈየ።

ሊቃውንቱ ምክንያቱን ሲፈልጉ ነጋዴው ግን መፍትሔውን ቀድሞ አግኝቶት ነበር። ከስኮትላንድ የመጣ ዘር ከደቡቡ አገር ዘር ይልቅ ብርቱ መሆኑ በልምድ ታወቀ። ከዚህም የተነሣ የእንግሊዝ ገበሬዎች በየጥቂት ዓመቱ አሮጌውን ዘራቸውን ጥለው ከስኮትላንድ አዲስ ዘር የመግዛት ልማድ ያዙ። ሻጩም ገዥውም የሚገበያዩበትን ነገር ምንነት ሳያውቁ ትልቅ ንግድ ተመሠረተ። አንዳንዱ ምስጢሩ አፈሩ ነው ይል ነበር፤ ሌላው ደግሞ ብርዱ ዘሩን ያጠነክረዋል ይል ነበር። ብርዱን ያነሡት ሰዎች ከእውነቱ አጠገብ ደርሰው ነበር፤ ብርዱ የሚሠራው ግን በድንቹ ላይ ሳይሆን በሌላ ፍጥረት ላይ መሆኑን አልጠረጠሩም።

በ1906 ኦቶ አፔል የተባለው ጀርመናዊ የዕፅዋት በሽታ ሊቅ፣ የድንቹ ቅጠል ወደ ላይ እንደ ወረቀት የሚጠቀለልበትን ሕመም ከሌሎቹ ለይቶ ራሱን የቻለ በሽታ መሆኑን ገለጸ። ከዚያም በሆላንድ አገር በቫኽኒንገን ከተማ ያስተምር የነበረው ሄንድሪክ ክዋንየር በ1913 የዚህን ተክል ግንድ ሠንጥቆ በማይክሮስኮፕ ቢመለከት፣ ከቅጠሉ ወደ ሥሩ ምግብ የሚያወርደው ቧንቧ ሞቶ አገኘው። ከሦስት ዓመት በኋላ ክዋንየርና የሥራ ባልደረቦቹ የታመመውን ድንች ከጤነኛው ጋር በማጣበቅ ሕመሙ ወደ ጤነኛው መተላለፉን አረጋገጡ። የእርጅናው ነገር በዚሁ አበቃ፤ ድንቹ አላረጀም፣ ታሞ ነበር እንጂ።

ማን እንደሚያስተላልፈው ግን ገና አልታወቀም ነበር። ከክዋንየር የሥራ ባልደረቦች አንዱ የነበረው ኦርትቬይን ቦትየስ ራሱ በሰሜን ሆላንድ በግሮኒንገን ክፍለ ሀገር ገበሬ ነበር። ይህ ሰው በ1920 ለዶክተርነት ማዕርግ ባቀረበው ጽሑፍ የቅጠል መጠቅለልን በሽታ የምታዘዋውረው ክሽክሽ መሆኗን አስረዳ። በዚያው ጊዜ ግድም በአሜሪካ በሜን ግዛት ሹልትስና ፎልሶም የተባሉ ተመራማሪዎች በራሳቸው መንገድ ወደዚሁ ውጤት ደረሱ። በ1931 ደግሞ በካምብሪጅ ኬኔት ስሚዝ፣ ቅጠሉን ዥጉርጉር የሚያደርገው ሕመም ከአንድ በላይ ቫይረስ ሊኖርበት እንደሚችል ለይቶ አሳየ። ኤክስ የተባለው በንክኪ ሲተላለፍ ዋይ የተባለው በክሽክሽ ይተላለፋል።

የስኮትላንድም ምስጢር በዚህ ተፈታ። በዚያ አገር ነፋሱ ብርቱ፣ በጋው ቀዝቃዛና ዝናባም ስለ ሆነ ክሽክሽ ዘግይታ ትመጣለች፤ ቍጥሯም ጥቂት ነው። የእንግሊዝ ገበሬ ለመቶ ዓመት ያህል ወርቁን ሲከፍል የኖረው ለነፋስና ለብርድ ነበር ማለት ነው።

ሁለት ዓይነት ጭነት

የክሽክሽ ዘር ብዙ ነው፤ በጎመኑም፣ በአተሩም፣ በገብሱም ላይ ትገኛለች። በድንች በኩል ዋነኛዋ ጥፋተኛ አረንጓዴዋ የኮክ ክሽክሽ ናት። ይህን ስም ያገኘችው ክረምቱ በሚጠናባቸው አገሮች እንቍላሏን በኮክ ዛፍ ቅርንጫፍ ላይ ጥላ ስለምታከርም ነው። ብርድ በማይጠናበት አገር ግን እንቍላል መጣል እንኳ አያስፈልጋትም፤ ዓመቱን ሙሉ ስትወልድ ትኖራለች። የመራባቷ ፍጥነት የሚያስደንቅ ነው። እንስቲቱ ወንድ ሳያገኛት ሕይወት ያላቸውን ልጆች ትወልዳለች፤ አየሩ ሞቅ ካለ ልጆቿ በሳምንት ወይም በዐሥር ቀን ውስጥ ራሳቸው እናቶች ይሆናሉ። ቅጠሉ ሲጨናነቅባቸውና ምግቡ ሲከፋ ደግሞ ክንፍ ያላቸው ይወለዳሉ። የድንች አምራች የሚፈራው እነዚህን ባለ ክንፎች ነው።

ባለ ክንፍዋ ክሽክሽ በርራ አንድ ቅጠል ላይ ስታርፍ ቅጠሉ የሚስማማት መሆኑን በማየት ብቻ አታውቅም። እንደ መርፌ የቀጠነ አፏን በቅጠሉ ቆዳ ላይ ለጥቂት ሴኮንድ ሰክታ ትቀምሳለች። ካልጣማት ተነሥታ ወደሚቀጥለው ትሄዳለች፤ ከጣማት ግን አፏን ወደ ውስጥ እያጠለቀች ምግብ የሚመላለስበትን ቧንቧ ፈልጋ ታገኝና ሰዓታት፣ አንዳንድ ጊዜም ቀናት ተቀምጣ ትመጠምጣለች። ሁለቱ ታላላቅ የድንች ቫይረሶች በነዚህ ሁለት ጠባዮች ተከፋፍለው ይጠቀማሉ፤ አንደኛው በመጠጧ፣ ሁለተኛው በቅምሻዋ።

የቅጠል መጠቅለልን የሚያመጣው ቫይረስ የሚኖረው በውስጠኛው ቧንቧ ብቻ ስለ ሆነ ክሽክሽ ልትወስደው የምትችለው ረጋ ብላ ስትመገብ ነው። ከወሰደችውም በኋላ ወዲያው አታስተላልፈውም። ቫይረሱ ከአንጀቷ ወደ ደሟ፣ ከደሟም ወደ ምራቋ እስኪደርስ አንድ ቀን ያህል ይፈጃል። ከዚያ ወዲያ ግን እስክትሞት ድረስ ባረፈችበት ድንች ሁሉ ታስተላልፈዋለች። ልጆቿ ከርሷ አይወርሱትም፤ እነርሱም እንደ እናታቸው ከታመመ ተክል መውሰድ አለባቸው።

ዋይ የተባለው ቫይረስ ነገሩ ሁሉ የተገላቢጦሽ ነው። ክሽክሽ በቅምሻ ብቻ፣ በጥቂት ሴኮንድ ውስጥ ትወስደዋለች፤ በአፏ ጫፍ ላይ ተጣብቆ ይሄዳል፤ በሚቀጥለው ተክል ላይ ስትቀምስ እዚያው ታራግፈዋለች። አንድ ሁለት ተክል ከቀመሰች ወይም ጥቂት ሰዓት ካለፈ ንጹሕ ትሆናለች። እንግዲህ የመጀመሪያውን ቫይረስ በረጅም መንገድ ዕቃ ጭኖ በየከተማው በሚያራግፍ የጭነት መኪና፣ ሁለተኛውንም ከአንዱ ግቢ ጭቃ ረግጦ ወጥቶ የጐረቤቱን ምንጣፍ በሚያቈሽሽ እንግዳ መመሰል ይቻላል።

በዋይ ቫይረስ በኩል አንድ ተጨማሪ ክፉ ነገር አለ። ድንች የማትወድ ክሽክሽ እንኳ፣ ከገብሱ ወይም ከባቄላው ተነሥታ ስታልፍ የምታርፈው፣ ቀምሳ ሳይጥማት ስትሄድ ሥራውን ሠርታ ትሄዳለች። እንዲያውም ካልጣማት ቶሎ ቶሎ ስለምትነሣ ብዙ ተክል ትነካለች። ይህን ለማድረግ የሚችሉ በዐሥር የሚቈጠሩ የክሽክሽ ዓይነቶች ታውቀዋል። ስለዚህም ገበሬው በድንቹ ቅጠል ላይ አንዲት ክሽክሽ ሳያይ ማሳው ሊበከል ይችላል።

የተባይ መድኃኒት የሚያስመጡና የሚሸጡ ነጋዴዎች ይህን ልዩነት ቢያውቁት ደንበኛቸውን ከኪሣራ፣ ራሳቸውንም ከወቀሳ ያድናሉ። መድኃኒት የተረጨበትን ተክል የምትመጠምጥ ክሽክሽ በሰዓታት ውስጥ ትሞታለች፤ የቅጠል መጠቅለል ቫይረስ ደግሞ ሰዓታት ስለሚፈልግ መድኃኒቱ ይቀድመዋል። ዋይ ቫይረስን ግን መድኃኒት አይቀድመውም፤ ክሽክሺቱ ከመሞቷ በፊት ቀምሳ አስተላልፋለች፤ አንዳንዱ መድኃኒት እንዲያውም አስደንግጦ ከተክል ወደ ተክል ያዘልላታል። መድኃኒቱ ሐሰተኛ ነው ተብሎ ሻጩ የሚወቀስበት ብዙው ጊዜ ይኸው ነው፤ መድኃኒቱ ተባይዋን በእርግጥ ገድሏል፣ በሽታውን ግን አላቆመም። በዚህ ረገድ የተሻለ ሆኖ የተገኘው መርዝ ያልሆነ ነገር ነው። በ1962 በካናዳ ብራድሊና ጓደኞቹ በቅጠሉ ላይ ስስ የማዕድን ዘይት ቢቀባ ክሽክሽ ዋይ ቫይረስን ማስተላለፍ እንደሚሳናት አስታወቁ። ዘይቱ ተባይዋን ለመግደል ሳይሆን ቫይረሱ በአፏ ጫፍ እንዳይያዝ ለመከልከል የሚረጭ ነው። የዘር ድንች አምራቾች ከዚያ ወዲህ ይጠቀሙበታል፤ ቅጠሉ ባደገ ቍጥር አዲሱ ቅጠል ዘይት የሌለው ስለሚሆን ግን በየሳምንቱ ያህል መደጋገም አለበት።

ክብደትን ጥሎ ዋጋን መምረጥ

ቫይረሱ በቅጠሉ በኩል ከገባ በኋላ ወዲያው ወደ ፍሬው አይወርድም፤ አንድ ሳምንትና ከዚያም በላይ ይወስድበታል፤ ተክሉ የበሰለ ከሆነ ጕዞው ይበልጥ ይዘገያል። በዚያው ወራት የተበከለው ድንች ደግሞ ብዙ ጊዜ ምንም የሕመም ምልክት አያሳይም፤ ፍሬውም መልካም ነው። ጉዳቱ የሚገለጠው ያ ፍሬ በሚቀጥለው ጊዜ ሲዘራ ነው። አንድ የታመመ ፍሬ አንድ የታመመ ተክል ያበቅላል፤ ተክሉም የሚያፈራቸው ስምንትና ዐሥር ፍሬዎች በአብዛኛው የታመሙ ይሆናሉ፤ ለጐረቤቶቹም የበሽታ ምንጭ ይሆናል። ከሦስትና ከአራት ዙር በኋላ የቀድሞዎቹ እንግሊዞች «ዘሩ አረጀ» ያሉት ነገር ይደርሳል።

የሆላንድ ሰዎች ከዚህ ዕውቀት ንግድ አወጡ። አገሪቱ ትንሽ ስትሆን በዘር ድንች ወደ ውጭ በመላክ በዓለም ቀዳሚውን ስፍራ ይዛለች። የዘር ሰብሎችን የሚመረምረውና የምስክር ወረቀት የሚሰጠው አጠቃላይ ድርጅት የተቋቋመው በ1932 ነው። የዘር ድንች ማሳዎች በብዛት የሚገኙት የባሕር ነፋስ በሚመታቸው በፍሪስላንድና በግሮኒንገን ዳርቻዎች ነው። መርማሪዎች ማሳውን በወራቱ ውስጥ እየተመላለሱ ያያሉ፤ ገበሬው የታመመውን ተክል ከነፍሬው ነቅሎ እንዲያወጣ ይገደዳል፤ የታመመው ቍጥር ከተወሰነው ካለፈ ማሳው ከደረጃው ዝቅ ይላል ወይም ጨርሶ ለዘር አይሆንም ይባላል።

ከሁሉ የሚያስገርመው ግን የቀኑ አቈራረጥ ነው። የክሽክሽ በረራ በየቀኑ ይቈጠራል። ለመቍጠሪያ ከሚያገለግሉት ዕቃዎች አንዱ ቢጫ ቀለም የተቀባ ውሃ የተሞላበት ሳሕን ነው፤ ክሽክሽ ቢጫ ቀለም እንደምትወድ ተገንዝቦ ይህን ዘዴ በ1951 ያወጣው ሞሪከ የተባለ ጀርመናዊ ነው። በእንግሊዝ አገር በሮትሃምስተድ የምርምር ጣቢያ ደግሞ ከ1964 ጀምሮ ዐሥራ ሁለት ሜትር ከፍታ ካለው ቧንቧ ጫፍ ላይ አየር እየሳበ በውስጡ የሚያልፉትን ነፍሳት የሚይዝ መሣሪያ ተተክሏል። በሆላንድ የባለ ክንፎቹ ቍጥር ማሻቀቡ ሲታወቅ የዘር ድንች የሚያለማው ሁሉ ከተቈረጠው ቀን በፊት የድንቹን ግንድና ቅጠል እንዲያጠፋ ይነገረዋል። ግንዱ ገና አረንጓዴ፣ ቅጠሉ ገና ለምለም፣ ፍሬውም ገና በማደግ ላይ ሳለ ገበሬው በገዛ እጁ ሰብሉን ያጭደዋል ወይም በመድኃኒት ያደርቀዋል።

ይህ ለገበሬው ቀላል ነገር አይደለም። በዚያ ወራት ድንቹ በመሬት ውስጥ በየቀኑ እየከበደ ነው፤ ለጥቂት ሳምንታት ቢቈይ በሄክታር ብዙ ኩንታል ይጨምር ነበር። የዘር ድንች ከምግብ ድንች የሚወደድበት አንዱ ምክንያት ይኸው የተተወ ክብደት ነው፤ ገዥው የሚከፍለው በኬሻው ውስጥ ላለው ብቻ ሳይሆን ገበሬው እንዳያድግ ለከለከለውም ጭምር ነው። ቀኑን ያሳለፈ ገበሬ ድንቹ ከብዶ ይገኛል፤ የዘርነት ደረጃውን ግን ሊያጣ ይችላል። ከማሳ ከተነሣም በኋላ ናሙናው ተወስዶ ይመረመራል፤ በ1977 ክላርክና አዳምስ ለዕፅዋት ቫይረስ ያስማሙት ኤሊዛ የተባለው የምርመራ ዘዴ በአንድ ጊዜ ብዙ ናሙና ለማየት ስላስቻለ ሥራው ከቀድሞው ይልቅ ቀልጥፏል። በአውሮፓ ደንብ መሠረት ለመራቢያ የሚሆነው መሠረታዊ ዘር በነጭ ወረቀት፣ ከዚያ የሚቀጥለው የተመሰከረለት ዘር በሰማያዊ ወረቀት ተለይቶ ይሸጣል። አስመጪ የሆነ ሰው ኬሻውን ከመክፈቱ በፊት ሊያነበው የሚገባው ይህን ወረቀት ነው።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ካለ ለበሽታ የሚሸነፍ የድንች ዓይነት እንኳ በገበያ ሊኖር እንደሚችል ቢንትየ ምስክር ናት። ይህችን ድንች በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ያዳቀለው በፍሪስላንድ መምህር የነበረው ክላስ ዴ ፍሪስ ሲሆን፣ አዳዲሶቹን ድንቾች በልጆቹ ስም ይጠራ ስለ ነበር፣ የልጆቹ ስም ሲያልቅበት ይህችን በአንዲት ተማሪው ስም ሰየማት። ቢንትየ ለዋይ ቫይረስ በቀላሉ ትጠቃለች፤ ይሁንና ከ1910 ጀምሮ ለብዙ ዐሥርት ዓመታት በአውሮፓ ገበያ ስሟ ከፍ ብሎ ቈይቷል። ያቆያት የመብላቷ ጣዕምና የዘር አምራቾቹ ትጋት ነው።

የምስክር ወረቀት ያለው ንግድ እንኳ በአንድ ቫይረስ ምክንያት በአንድ ወቅት ሊቆም እንደሚችል የካናዳዋ የፕሪንስ ኤድዋርድ ደሴት ያሳያል። ደሴቲቱ ኑሮዋ በድንች ነው፤ ዋነኛ ገዥዋም አሜሪካ ናት። በ1990ና በ1991 በዘር ድንቿ ውስጥ ከዋይ ቫይረስ ዓይነቶች አንዱ ተገኘ። ይህ ዓይነት በድንች ላይ የሚያሳየው ሕመም ቀላል ነው፤ በትምባሆ ላይ ግን የቅጠሉን ሥሮች ይገድላል። አሜሪካ የትምባሆ እርሻዋ እንዳይጠቃባት ፈርታ የደሴቲቱን ድንች በድንበሯ ላይ ከለከለች። በአንድ ሰብል ላይ ምልክቱ እንኳ በውል የማይታይ ቫይረስ፣ ለሌላ ሰብል ሲባል የብዙ ቤተሰብ የዓመት ሥራ በመጋዘን እንዲቀር አደረገ። ላኪ የሆነ ነጋዴ ከዚህ የሚረዳው፣ የገዥው አገር የሚፈራው ነገር ሻጩ ከሚፈራው የተለየ ሊሆን እንደሚችል ነው፤ ውል ከመፈራረሙ በፊት የተቀባዩን አገር የኳራንቲን ደንብ መመልከት ያስፈልገዋል።

የታመመ የድንች ዓይነትን ጨርሶ ማንጻትም ተችሏል። ፈረንሳውያኑ ዦርዥ ሞሬልና ክሎድ ማርተን በ1950ዎቹ የተክሉን የቡቃያ ጫፍ፣ ቫይረስ ገና ያልደረሰበትን ቅንጣት ቈርጠው በጠርሙስ ውስጥ በማሳደግ ንጹሕ ተክል አወጡ። ዛሬ የዘር ድንች ሥራ የሚጀምረው በአብዛኛው ከዚህ ዓይነቱ ጠርሙስ ነው። ነገር ግን ከጠርሙስ የወጣ ድንች በሽታን የመቋቋም አዲስ ኀይል አላገኘም፤ ንጹሕ ብቻ ነው። ማሳ ላይ በወጣ ቀን ክሽክሽ ታገኘዋለች፤ ቈጠራውም ከአንድ ይጀምራል።

በኢትዮጵያ ደጋዎች

ድንች ወደ ኢትዮጵያ የገባው በ1858 በጀርመናዊው የዕፅዋት ሊቅ በሺምፐር አማካይነት እንደ ሆነ ይነገራል። በኋለኛው ዘመን የሆለታ የምርምር ማዕከል ከዓለም አቀፉ የድንች ማዕከል ጋር በመተባበር ጃለኔን በ2002፣ ጉደኔን በ2006፣ በለጠን በ2009 ለገበሬው አቅርቧል። እነዚህ ዓይነቶች ይበልጡን የተመረጡት ዝናብ ሲበዛ ቅጠሉን የሚያጠቍረውን ዋግ እንዲቋቋሙ ነው። የቅጠል መጠቅለልና የዋይ ቫይረሶች በአገሪቱ የድንች ማሳዎች መኖራቸው በምርምር ታውቋል፤ የተሻሻለው ዓይነትም ቢሆን ሳይታደስ ሲመላለስ ይደክማል።

በኢትዮጵያ የአውሮፓው ዓይነት ክረምት ክሽክሽን አይገድላትም፤ ከዓመት እስከ ዓመት የምትበላው አታጣም። የስኮትላንድን ነፋስና ብርድ የሚተካው የመሬቱ ከፍታ ነው። በጅልዱ፣ በወልመራና በደገም ደጋዎች፣ ብርዱና ነፋሱ በሚበረታበት፣ ክሽክሽ ትንሳለች፤ ከእነዚህ ስፍራዎች ዘር እየገዙ ወደ ሌሎች አውራጃዎች የሚወስዱ ነጋዴዎችም የቀድሞዎቹ የስኮትላንድ ነጋዴዎች የሠሩትን ሥራ እየሠሩ ናቸው። ወደ ቈላው በወረደ ቍጥር ያው ዘር ቶሎ ይታመማል፤ ስለዚህ የቈላው ገዥ ቶሎ ቶሎ ሊያድሰው ይገባል።

ንግዱን የሚጎዳው ትልቁ ልማድ ግን ከአየሩ ሳይሆን ከገበያው የመጣ ነው። ገበሬው ሰብሉን ሲያነሣ ትልልቁን ድንች ለምግብ ይሸጣል፤ በገበያ የማይነሣለትን ደቃቁን ለዘር ያስቀራል ወይም በርካሽ ለዘር ይሸጣል። በአሳቡ ምንም አልጠፋበትም፤ ደቃቁ ድንች ይበቅላልና፣ ዋጋውም ቀላል ነውና። ይሁን እንጂ ቫይረስ የያዘው ተክል ፍሬው ደቃቅ ስለሚሆን፣ ከጠቅላላው ክምር ደቃቁን የሚለቅም ሰው ሳያውቀው የታመመውን እየመረጠ ነው። ከጤነኛ ተክል ሥር የወጣ እንቍላል የሚያህል ፍሬ ጥሩ ዘር ነው፤ ከታመመ ተክል ሥር የወጣም እንቍላል የሚያህል ፍሬ ይኖራል፤ አንዴ ከተቀላቀሉ ግን ማንም ሊለያቸው አይችልም። የሚለዩት ማሳው ላይ፣ ተክሉ ቆሞ ሳለ ብቻ ነው። በጐረቤት አገር በኬንያ በ2000ዎቹ ዓመታት ገበሬዎች ድንቹ ሲያብብ በማሳው ውስጥ እየዞሩ ጤነኛና ብርቱ የሚመስሉትን ተክሎች በእንጨት ምልክት አድርገው፣ ሲያነሡ ከነርሱ ብቻ ዘር እንዲያስቀሩ ተደርጎ፣ ምርታቸው በአማካይ በሢሶ ያህል ከፍ ብሏል። ለዚህ ያስፈለገው መሣሪያ ጥቂት እንጨትና አንድ ጥዋት ብቻ ነበር።

ስለዚህ የዘር ድንች የሚገዛ ነጋዴ ወደ ሻጩ ቀዬ የሚሄድበትን ጊዜ ቢለውጥ ይጠቀማል። ብዙዎች የሚሄዱት ድንቹ ተነሥቶ በኬሻ ከተሞላ በኋላ ነው፤ በዚያ ጊዜ ግን የሚታይ ነገር የለም። ድንቹ ሲያብብ ሄዶ ማሳውን ያየ ሰው ቅጠሉ ተጠቅልሎ እንደ ቆዳ የደረቀውን፣ ዥጉርጉር ሆኖ የተጨማደደውን፣ ቁመቱ ያጠረውን ተክል ቈጥሮ፣ ዋጋውን በዚያው ተነጋግሮ ይመለሳል። ሻጩንም ይህ ዘር ከምርምር ጣቢያው ወይም ከማኅበሩ ከወጣ ስንተኛ ዙሩ እንደ ሆነ ሊጠይቀው ይገባል፤ መልሱንም በኬሻው ላይ ማስጻፍ ይበጃል።

የማከማቻው ነገር ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። በደጋው አገር የዘር ድንች የሚቀመጠው ብርሃን በሚያስገባ ቤት በእንጨት መደርደሪያ ላይ ተዘርግቶ ነው፤ ብርሃኑ ልጣጩን ያረነጕደዋል፤ ቡቃያውንም አጭርና ጠንካራ ያደርገዋል። ዘዴው መልካም ነው። ነገር ግን ወራት በሚቈይበት ጊዜ ክሽክሽ በእነዚያ ለጋ ቡቃያዎች ላይ ትሰፍራለች፤ ከታመመው ፍሬ ቡቃያ ወደ ጤነኛው እየተሻገረችም የቅጠል መጠቅለልን በሽታ እዚያው በመደርደሪያው ላይ ታዛምታለች። ማሳው ላይ በብዙ ድካም ንጹሕ ሆኖ የወጣ ዘር በዚህ መንገድ ከመጋዘን ታሞ ሊወጣ ይችላል። ግድግዳውን ነፍሳት በማያሳልፍ ጠበብ ያለ መረብ መጋረድና ቡቃያውን በየሳምንቱ ገልብጦ ማየት ያስፈልጋል። ከየት እንደ መጣ፣ ስንተኛም ዙሩ እንደ ሆነ ያልተጻፈበት ኬሻ በመጋዘኑ ቢገኝ ከተጻፈበት ጋር በአንድ መደርደሪያ ላይ አይዘርጋ፤ ለምግብ ይሸጥ።